ዱቄት ፈሳሽ ነው ያለችው ልጅ

የሳይንስ መምህርት አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደኋላ ለምትሰሙት ጥፋቴ ሰበብ እንዲሆነኝ ብዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ቋንቋ ነው፤ ፊደል ማስቆጠር፣ ንባብ፣ ድርሰት። የሦስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርታችን መንታ ተገላገለችና አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። ስገባ ወንበር ሳበልኝ፣ ጤናዬን ጠየቀኝ፣ ስለ ባለቤቴ ጉልበት ሕመም ሳይቀር ጠየቀኝ። እሱ ወንበር ከሳበ ነገር አለ ማለት ነው።

«ለሁለት ወር ብቻ ነው» አለኝ። «መጽሐፉ ላይ ሁሉም ነገር አለ።»

«ታዲያ መጽሐፉ ራሱ ያስተምራቸዋ» አልኩት።

እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። በማግስቱ ጠመኔዬን ይዤ ሃምሳ ስምንት ልጆች ፊት ቆምኩ።

ምዕራፉ «የቁስ አካል ሁኔታዎች» ይላል። ሁለት ገጽ ተኩል ነው፤ ሦስት ሥዕሎችም አሉት፦ ድንጋይ፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ፣ የተነፋ ፊኛ። ጠጣር የራሱ ቅርጽ አለው። ፈሳሽ የራሱ ቅርጽ የለውም፤ ይፈሳል፣ የያዘውን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል። ጋዝ ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይሞላል። አለቀ። እቤቴ ሆኜ ሦስቴ አነበብኩትና ይኼማ ምን አለው ብዬ ለባለቤቴ በቃሌ ወጣሁለት። እሱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከጋዜጣው ላይ ቀና ሳይል «ውሃ እንደሚፈስ ለማወቅ ነው እንዴ ልጆቹ በጠዋት የሚነሱት?» አለኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት መልካም ነበር፤ ራሴን ሳይንቲስት ማድረግ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ያስቸገረን ጋዙ ብቻ ነው። ግማሹ ክፍል ጋዝ ማለት ፋኖስ ውስጥ የሚጨመረው ነው ብሎ ፈሳሽ ሥር ጻፈው፤ ሌላው ደግሞ ምድጃ ሥር የሚቆመውን ሲሊንደር አስቦ ጠጣር ሥር ጻፈው። የወረቀት ከረጢት ነፍቼ፣ አፉን ጨምድጄ፣ የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደው አንድ ልጅ ጆሮ ሥር ካፈነዳሁት በኋላ ግን አየር ቦታ እንደሚይዝ የተጠራጠረ አልነበረም።

ከሃምሳ ስምንቱ አንዷ ጠበቃዋ ናት። ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው፤ እኔ ስመጣ ወጥቶላት ነው ያገኘኋት። የባለወፍጮው ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ወፍጮ ቤቱ ከቤታቸው ጋር በበር ስለሚገናኝ ጠዋት ስትመጣ ሽፋሽፍቷ ላይ ዱቄት አይጠፋም፤ በዘጠኝ ዓመቷ የሸመገለች ትመስላለች። ክርክር ከሌለ ትምህርት የተጀመረ አይመስላትም። ቀን ሃያ አራት ሰዓት አለው ስላት «ቲቸር፣ የተኛንበትም ይቆጠራል?» ትላለች። ይቆጠራል ስላት «የተኛ ሰው እንዴት አድርጎ ይቆጥራል?» ትላለች። ታደክመኛለች። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ጠዋት ወደዚያ ክፍል ስሄድ እግሬን የሚያፈጥነው ዛሬ ደግሞ ምን ትል ይሆን የሚለው ነበር።

የምዕራፉ ማብቂያ ላይ አጭር ፈተና ሰጠሁ። አሥር ነገሮችን በሦስት ዓምድ መመደብ ነው፤ ድንጋይ፣ ወተት፣ ጭስ፣ ዘይት፣ እንጨት፣ ዱቄት እያለ ይሄዳል። ጠበቃዋ ዱቄትን ፈሳሽ ሥር ጽፋዋለች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩበትና ዘጠኝ ከአሥር ሰጠኋት።

ወረቀቱን የመለስኩት አርብ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ሙቀቱ ጣሪያውን አልፎ አናታችን ላይ ተቀምጧል፤ ራሴን ያመኛል፤ ልቤ ቤቴ ከገባ ቆይቷል። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ዱቄት ይፈሳል» አለች።

«አይፈስም። ዱቄት ጠጣር ነው።»

«ይፈሳል ቲቸር። ጆንያ ውስጥ ሲገባ የጆንያ ቅርጽ ይይዛል፤ በርሜል ውስጥ ሲገባ የበርሜል። ፈሳሽ ማለት እንደሱ ነው ያሉን እርስዎ እኮ ነዎት።»

ትንሽ ማስተዋል ያለው ሰው በዚህ ጊዜ ቆይ ላስብበት ይላል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ልጅ ያላፋጠጠኝ ሰው፣ ወገቤን ይዤ «እንግዲያውስ ሰኞ አንድ ብርጭቆ ዱቄት ቅጂልኝና እጠጣለሁ» አልኳት።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ «በስትሮ!» ብሎ ጨመረበት፤ ሳቁ እንደገና ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ራሴን ይቅር ያላልኩት በንግግሬ ሳይሆን በዚህ ነው፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሷ ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን በኋላ እጇን አላወጣችም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምን ዓይነት ሰላም ነው ብዬ ነበር፤ የማፍር ሰው አይደለሁም፤ እውነቱ ይኼ ነው። የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው የምናገረው በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በእረፍት ሰዓት ግን ልጆቹ «ዱቄት ጠጪ፣ ዱቄት ጠጪ» እያሉ ሲከተሏት በመስኮት አየሁ። ወጥቼ ጮኽኩባቸውና ተበተኑ። እሷ ዞር ብላም አላየችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሆን ብዬ ቀላል ጥያቄ ጠየቅኳት። ውሃ ሲፈላ ወደ ምን ይቀየራል? የክፍሉ ሰነፍ እንኳ የሚያውቀው ነው። ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ እጆቿን አጣምራ፣ «አላውቅም ቲቸር» አለችና ተቀመጠች። ክው አልኩ። አለማወቅ ሌላ ነገር ነው። ይቺ እያወቀች ነው የከለከለችኝ።

በእረፍት ሰዓት አስቀረኋት።

«ተቀይመሽኛል አይደል?»

«አይ ቲቸር።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ምንም አልሆንኩም ቲቸር።»

እንዲህ ያለ ጨዋነት ከስድብ ይብሳል። ስንት ልጅ እንዲህ ሲዘጋ አይቻለሁ። አይረብሹም፣ አያስቸግሩም፣ ዓመቱን ጨርሰው ያልፋሉ፤ ከዓመት በኋላ መንገድ ላይ ቢያገኙኝ ስማቸው አይመጣልኝም። ይቺ ልጅ እንደዚያ እንድትሆን አልፈለግኩም። ያቺን ምላስ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የምከፍታትም እኔው ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ አሥር ኪሎ ስንዴ ገዝቼ ወደ ወፍጮ ቤት ልሄድ ስነሳ ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ዱቄት ታሽጎ ደጃፋችን ያለው ሱቅ ድረስ እየመጣ አንቺ ስንዴ ልታስፈጪ?» አለ። «የቤት ዱቄት አማረኝ» አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የዋሸሁት፤ እሱም እንደዋሸሁ ገብቶታል፤ ግን ከረጢቱን እስከ ጥጉ ድረስ ተሸክሞ ሸኘኝ።

ወፍጮ ቤቱ ጠባብ ነው። ሞተሩ ጥግ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፤ ከሱ የሚነሳው ቺንጊያ የሚባል ረጅም የጎማ ቀበቶ ወፍጮውን ያሽከረክራል፤ ግድግዳው፣ የመስኮቱ ፍርግርግ፣ የሸረሪት ድሩ ሳይቀር ነጭ ነው። ባለወፍጮው ግዙፍ ሰው ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ከሞተር ጋር ሲፎካከር ስለኖረ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት አይችልም። ማንነቴን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«ልጄ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። ስንዴ ላስፈጭ ነው» አልኩት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ለማለት ነበር የመጣሁት፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም።

ጠበቃዋ የጆንያ ክምር ላይ ተቀምጣ ታነባለች። ስታየኝ ወርዳ እጅ ነሳችኝ፤ መጽሐፏን ይዛ በጓሮው በር ወጣች።

«ዛሬ ምን ነክቷት ነው ዝም ያለችው» አለ አባቷ ከኋላዋ እያየ። «እቤት እኮ የሚችላት የለም። ሞተሩ እየሠራ ከሞተሩ በላይ የምትሰማው እሷ ናት።»

ልጅቷ ሁሉም ቦታ ትናገራለች። ዝም የምትለው እኔ ያለሁበት ነው።

ስንዴዬን አፈሰሰው። ወፍጮው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው አጉረመረመና ዱቄቱ እንደ ሱሪ እግር በተሰፋ የሸራ ቱቦ እየተንፏቀቀ ከታች ወደተቀመጠው ሳፋ መውረድ ጀመረ። እኔ ያሰብኩት መሀል ላይ እንደ ኮረብታ ይቆለላል ብዬ ነበር። አልተቆለለም። በየዳሩ እኩል እየተንጣለለ፣ እያዘቀዘቀ፣ ሳፋውን ሞላው፤ ላዩ እንደ ወተት ለጥ ያለ ነው። ባለወፍጮው ሳፋውን በእግሩ ነካ ሲያደርገው ዱቄቱ ተወዛወዘ። አዎ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞገድ ሠርቶ ተወዛወዘ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ምኑ?»

«እንዲህ የሚሆነው።»

«ትኩስ ነዋ» አለ፤ ልክ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚል ሰው። «ትኩስ ዱቄት አየር ጠጥቶ ነው የሚወጣው። አይታመንም። ይኸውልዎት» ብሎ ከበሩ ላይ ጓጉንቸሩን ነቀለና ዱቄቱ ላይ ለቀቀው። ጓጉንቸሩ ሰመጠ። ላዩ ተመልሶ ገጠመ፤ ምንም ነገር የገባበት አይመስልም። «ልጅቷ አራት ዓመቷ ሳለ ጫማዋን ዋጠባት፤ እያለቀሰች እስከ ክንዷ ድረስ ገብታ ነው ያወጣችው። ትኩሱን ወዲያው ጆንያ ውስጥ አላስርም። ሲቀዘቅዝ አየሩ ይወጣና ጆንያው ይጎድላል፤ ደንበኛው ሰርቀኸኝ ነው ይለኛል። እመታዋለሁ፣ ይሰምጣል፣ ደግሞ እሞላዋለሁ።»

እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ወደ ሳፋው ከተትኩ። ሞቅ ያለ ነገር ነው፤ መኖሩ የሚሰማው በሙቀቱ ብቻ ነው። ጓጉንቸሩን ፈልጌ አወጣሁትና እንደ ሞኝ ይዤው ቆምኩ። ያቺ ልጅ መጽሐፉን አልተቃወመችም። መጽሐፉ ያለውን ወስዳ፣ ከተወለደች ጀምሮ ስታየው ከኖረችው ነገር ጋር አገጣጥማ ነው የነገረችኝ። እኔ ደግሞ ዱቄት አይቼ አላውቅም ነበር ማለት ነው፤ ያየሁት የታሸገውን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ለአባቷ የነገርኩት፤ ኤክሱን፣ ብርጭቆውን፣ ሳቁን፣ ሁሉንም። ሞተሩን አጠፋው። ጸጥታው ጆሮ ያምማል።

«እና ሳቁባት?» አለ። ያን ጊዜ እንኳ ድምፁ ትልቅ ነበር።

«ሳቅንባት። እኔም ጭምር።»

እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ ማን ማንን እንደጠረገ አልታወቀም። «እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት» አለ። «ማንም ስቆብኝ አይደለም፤ አባቴ ወፍጮው ላይ ሰው ፈልጎ ነው። ይኸውልዎት፣ ሰሞኑን ‹አባዬ፣ ትምህርቱ ይቅርብኝና እዚሁ ልሥራ› ትለኛለች። የልጅ ነገር፣ ስልችት ብሏት ነው ብዬ አለፍኩት።» ጓጉንቸሩን ከእጄ ተቀበለኝ። «መምህርት፣ እኔ መናገር አልችልም፤ መጮኽ ነው የምችለው። እሷ ግን መናገር ትችላለች። ያንን እንዳያስጥሏት።»

ቃል ገባሁለት። ዱቄቱን ተሸክሜ ስመለስ መንገዱ በሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ደረስኩ።

«ምነው ፊትሽን አጠቆርሽ?» አለ ባለቤቴ። ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ታዲያ ሰኞ ምን ልትያቸው ነው?» አለ።

«ተሳስቻለሁ እላቸዋለሁ።»

ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠው። «ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ይኼ ቃል ካንቺ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።»

«አንተ ጋ ተሳስቼ አላውቅማ» አልኩት። ቢያሾፍም ማታውን ግን የብስኩት ቆርቆሮውን አጥቦና አድርቆ ዱቄቱን ሞልቶ የሰጠኝ እሱ ነው።

ሰኞ ቆርቆሮዬን፣ አንድ ትሪና የቤታችንን ጓጉንቸር ይዤ ክፍል ገባሁ። ሃምሳ ሰባቱ ተንጠራርተው ያዩኛል፤ ጠበቃዋ ብቻ መስኮቱን ታያለች። «ቅዳሜ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አየሁ፤ ለእናንተም ላሳያችሁ ነው» አልኩና ቆርቆሮውን ትሪው ላይ ገለበጥኩት።

ዱቄቱ ዱብ አለ። እንደ ወተት ተንጣሎ ይወዛወዛል ያልኩት ዱቄት የቆርቆሮውን ቅርጽ እንደያዘ ተቆልሎ ቀረ። ትሪውን ነቀነቅኩት፤ ከጫፉ ትንሽ ተናደና ቆመ። ጓጉንቸሩን ጣል አደረግኩበት፤ አልጋ ላይ እንደወጣ ድመት ላዩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ከኋላ አንድ ሰው ኪኪ አለ። ያ የስትሮው ልጅ «ቲቸር፣ አይፈስም» አለ፤ ለማሾፍ ሳይሆን ለመርዳት ነው የመሰለኝ።

ላብ በጀርባዬ ወረደ። ወደኋላ ልሽሽ ብል መንገድ ነበረኝ፤ ይኸው አያችሁ፣ ዱቄት ጠጣር ነው ብዬ መዝጋት እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ከሷ በስተቀር።

«ስሙኝ» አልኳቸው። «እዚህ ፊት ላሳያችሁ አልቻልኩም፤ ለምን እንዳልቻልኩ አላውቅም። ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ሄጄ ግን ዱቄት ሲፈስ በዓይኔ አይቻለሁ። ወረቀታችሁን የመለስኩ ዕለት ጓደኛችሁ ይኼንኑ ነግራኝ ነበር። መልስ ጠፋኝ። መልስ ስለጠፋኝ ሳቅኩባት፤ እናንተንም አሳቅኳችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። በሰጠኋችሁ ትርጉም ከሄድን እሷ ልክ ናት። ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ነጥቧንም እመልሳለሁ፤ አሥር ከአሥር።»

ወደሷ አየሁ። እኔን እያየች አይደለም፤ የምታየው ትሪውን ነው። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ደስታም ቂምም አልነበረም፤ ሙያ የማያውቅ ሰው ዕቃዋን ሲያበላሽባት የምታይ ሴት ፊት ነበር። እጇ ትንሽ ከጠረጴዛው ተነሳ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተነሳ።

«እሺ፣ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ቲቸር፣ ቀዝቅዟል እኮ» አለች። «የቅዳሜ ዱቄት ነው። አየሩ ወጥቷል።»

«እና ምን ይሻላል?»

መልስ ሳትሰጠኝ መጣች። ዱቄቱን በሁለት እጇ እያፈሰች ወደ ቆርቆሮው መለሰችው፤ ከግማሽ ትንሽ አለፍ እንዳደረገችው የተረፈውን ተወችው። ክዳኑን ገጠመችና ቆርቆሮውን ደረቷ ላይ አቅፋ መናጥ ጀመረች። ሹሩባዋ እየዘለለ፣ ጉንጯ እየተነፋ፣ አንድ መቶ ድረስ የቆጠረች ይመስለኛል። ከዚያ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ክዳኑን በፍጥነት ከፈተችና አዘነበለችው።

ዱቄቱ ሄደ። ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር፣ ለጥ ብሎ፣ ያለ ድምፅ። ጓጉንቸሩን ለቀቀችው፤ ሰመጠ። ልጆቹ ወንበራቸውን ጥለው መጥተው በላዬ ላይ ሁሉ ተንጠልጥለዋል፤ ማንም አይተነፍስም። እሷ ጣቷን አንስታ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብላ ቆጠረችና ቆርቆሮውን እንደገና አዘነበለችው። አሁን አልተንቀሳቀሰም።

«አያችሁ?» አለች። የምታናግረው እኔን አይደለም፤ ክፍሉን ነው፤ ያን የምናውቀውን ድምፅ አውጥታ። «የሚፈሰው አየር ሲገባበት ነው። አየሩ ሲወጣ ቆመ። ውሃ አየር አያስፈልገውም፤ ብቻውን ይፈሳል። ዱቄት ብቻውን ሲሆን ይከመራል። ውሃ ተከምሮ ያየ ሰው አለ?»

ያየ ሰው አልነበረም።

«በአባዬ ማጉያ መነጽር ስናየው ደግሞ ፍሬ ፍሬ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ የራሱ ቅርጽ አለው። ስለዚህ ዱቄት ጠጣር ነው፤ በጣም ትንንሽ የሆነ ጠጣር።» ወደኔ ዞረች። «ስለዚህ ቲቸር፣ ነጥቡ አይገባኝም። ኤክሱ ልክ ነው።»

ሃምሳ ሰባት ጥንድ ዓይን ወደኔ ዞረ።

«ቆይ እስቲ» አልኩ። «ታዲያ እኔ ልክ ነበርኩ ማለት ነው?»

«አይ፣ እርስዎም ልክ አልነበሩም። መልሱ ነው ልክ፤ ምክንያቱ ልክ አይደለም። የዕቃውን ቅርጽ የያዘ ሁሉ ፈሳሽ ነው አሉን። እሱ ይስተካከል።»

«ይስተካከላል» አልኩ። «ይኼንን መቼ ነው የደረስሽበት?»

«ከሳቃችሁ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን።»

ሁለት ሳምንት አልፏል ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ መልሱን ይዛ፣ መስኮት መስኮት እያየች፣ እዚያ ተቀምጣለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንዳይስቁ ብዬ ነዋ።»

ዓይኔ ሞላ፤ ዱቄት የገባብኝ አስመስዬ ጠረግኩት፤ ማን እንዳመነኝ አላውቅም። የነጥብ መዝገቤን ከፍቼ፣ ጠዋት ያረምኩትን አሥር ሰረዝኩና ዘጠኝ ጻፍኩበት። በትክክል መጻፌን አጎንብሳ አረጋገጠች። እኔ ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል፤ ልጅ ነጥብ አልቀበልም ብላ ስታሸንፈኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«በይ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ተቀመጪ» አልኳት።

«አልጨረስኩም ቲቸር» አለች። «ጭስን ጋዝ ነው ብለውናል። ጭስ ጋዝ ብቻ ከሆነ ግድግዳውን የሚያጠቁረው ምንድን ነው?»

እኔ እንጃ። በእውነት እኔ እንጃ። ጠመኔውን ሰጠኋትና ሁለተኛው ረድፍ ድረስ ሄጄ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ፤ የስትሮው ልጅ ጠጋ አለልኝ። እሷ ሰሌዳው ላይ ምድጃ መሳል ጀመረች። ምድጃው ውስጥ ስለሚነደው እንጨት አንድ ያልገባኝ ነገር ስለነበር እጄን አወጣሁ።